የስሙንም ሐላል ብያለሁ

በከተማችን ሬዲዮ በሳምንት አንድ ቀን ረፋድ ላይ ስለ ሕግ አወራለሁ። ስለ ንግድ፣ ስለ ሥራ ውል፣ ስለ ንግድ ምልክት። ትርፉ መንገድ ላይ መቆም ነው። ከከዚራ ቢሮዬ ተነስቼ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ መጋላ ለመግባት፣ አጭር መንገድ ሆኖ ሳለ፣ አንድ ሰዓት ይፈጅብኛል። አንዱ ባጃጁን ዳር አስይዞ፣ «ጠበቃ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ አባረሩኝ፤ ምን ትለኛለህ?» ይላል። ሌላዋ ከሱቋ ወጥታ፣ ጎረቤቷ የሱቋን ስም ቀድቶ እንደለጠፈ ትነግረኛለች። ድሬ አንቱታ የማይበዛባት ከተማ ናት፤ ጸጉሬ ሸብቶም «አንተ» ነኝ፣ ቅር ብሎኝም አያውቅም። ለሁሉም መልሴ የሚጀምረው በአንድ ጥያቄ ነው፦ «ወረቀት አለህ?» ይህን ከማብዛቴ የተነሳ በቢሮዬ በር ላይ ጥላ ፈልገው የሚቀመጡት ደላሎች ገና ከሩቅ ሲያዩኝ፣ ሰላም በማለት ፈንታ «ወረቀት አለህ?» ይሉኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ።

አሁን የምጽፈው ወረቀት ስለነበረበት ጉዳይ ነው። ወረቀቱን የጻፍኩትም እኔ ነኝ።

ሙሸበክ ለማያውቅ ሰው ልንገር። ቀጭን ሊጥ በተበሳ ጣሳ እያዞሩ የፈላ ዘይት ላይ ያፈስሱታል። ክብ በክብ ላይ እየተደራረበ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ሲበስል ያወጡትና የስኳር ውሃ ውስጥ ይነክሩታል። በረመዳን ማፍጠሪያ ላይ የማይጠፋ ነገር ነው፤ እኛ ክርስቲያኖቹም ከጾም ውጭ ስንበላው አድገናል። የማወራላችሁ ሴት መጋላ ውስጥ በአንድ ጣፋጭ ቤት ሃያ ዓመት ያህል ሙሸበክ ጠብሳለች። የመልካ ጀብዱ ልጅ ናት። የሚቀናት ግራ እጇ ነው። መድረሳ ሳለች መምህሩ በቀኝ መጻፍን አስለመዷት፤ በቀኝ መብላትንም ቤቷ ተማረች። ሊጥ ማፍሰስ ግን በቀኝ እምቢ አላት። ሰፈርተኛው በሶማሊኛ ግራ እጅን የሚያነሳ ቅጽል ስም አወጣላት። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ታሪኩን ልጽፈው ብዬ ስጠይቃት የተስማማችው በዚህ ነው።

የጣፋጭ ቤቱ ባለቤት ሐረሪ ሽማግሌ ነበሩ፤ ልበ ቀና፣ ቁጣቸው ቶሎ የሚመጣና ቶሎ የሚሄድ። መጀመሪያ ላይ ከመጋረጃ ጀርባ ነበር የሚያስቀምጧት። ደንበኛ ግራ እጅ ምግብ ላይ ሲንቀሳቀስ ማየት አይወድም ብለው ነው። ይሁን እንጂ የሷ ሙሸበክ የሚዞረው በሌላ አቅጣጫ ነበር፤ ሌላው ሁሉ ወደ ቀኝ ሲጠመዘዝ የሷ ወደ ግራ። ሰው ይህን ልብ አለ። ጣዕሙ ይለያል የሚሉም መጡ፤ እኔ ጣዕሙ በመዞሪያው ይለወጣል ብዬ አላምንም፣ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ የምገዛው ከሷ ነበር። ውሎ አድሮ መጋረጃው ተነሳ። ሰዉ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ስም ትቶ ቤቱን በሷ ቅጽል ስም ጠራው። «እነ እንትና ቤት እንገናኝ» ሲባል የሷ ስም ነው።

ሕጉ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በሬዲዮ ደጋግሜ የምለው ነገር አለ፤ የንግድ ስምና የንግድ ምልክት አንድ አይደሉም። የንግድ ስም ነጋዴው ፈቃድ ሲያወጣ የሚመዘገብበት ነው። የንግድ ምልክት ደግሞ ገዢው የአንዱን ዕቃ ከሌላው የሚለይበት ነው፤ ቃል ሊሆን ይችላል፣ ሥዕል ሊሆን ይችላል። ሰሌዳ ላይ የሌለ፣ የትም ያልተመዘገበ፣ በሰው አፍ ብቻ የሚኖር ቅጽል ስም የማነው? ያኔ ቢጠይቁኝ ደስ ብሎኝ አንድ ሙሉ ፕሮግራም እሠራበት ነበር።

አንድ ሳምንት በሬዲዮ፣ አሠሪና ሠራተኛ በስምምነት ሲለያዩ ስምምነቱ በጽሑፍ ካልሆነ ሠራተኛውን አያስገድደውም ብዬ ተናገርኩ። ሽማግሌው ሰምተዋል። በማግስቱ እሷን አስከትለው ቢሮዬ መጡ። እሳቸው ለሐጅ እየተዘጋጁ ነበር። እሷ ደግሞ እናቷ ታመው ወደ መልካ ጀብዱ ልትመለስ ነው። ሕጉ ለሠራተኛ የሚያዘውን ሁሉ አስቀድመው ፈጽመዋል፤ በዚያ በኩል የሚነሳ ነገር አልነበረም። የቀረው መለያየታቸውን መጻፍ ብቻ ነው። እስክሪብቶዬን አነሳሁ። ሽማግሌው ግን ወደኔ ሳይሆን ወደሷ ዞሩ።

«ልጄ፣ ሐጅ ልሄድ ነው። መመለሱንም አላህ ያውቃል። ተቆጥቼሽ ከሆነ፣ አድክሜሽ ከሆነ ሐላል በይኝ።»

«ሐላል ብያለሁ፣ አዴር» አለች። አዴር በሶማሊኛ አጎት ነው፤ ሃያ ዓመት የጠራቻቸው እንዲህ ነው።

«የስሙንም። አባትሽ ያወጣልሽ ስም እያለ በዛ ስጠራሽ ኖርኩ። ሱቁም በሱ ተጠራ። የስሙንም ሐላል በይኝ።»

ሳቀች። «ወላሂ፣ የስሙንም ሐላል ብያለሁ።»

ሽማግሌው በሻላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔ እየጻፍኩ ነበር።

እኛ ዘንድ ሰው ሲለያይ ሐላል በለኝ ይባባላል። ሩቅ አገር የሚሄድ፣ ሥራ የሚለቅ፣ ሰፈር የሚቀይር፣ የታመመ። ያስቀየምኩህን ይቅር በለኝ፣ ለወዲያኛው ዓለም አታቆይብኝ ማለት ነው። የእስላም ብቻ አይደለም። አባቴ የባቡር ጋራዥ ሠራተኛ ነበር፤ ማተቡን ያልበጠሰ የሸዋ ሰው። ጡረታ የወጣ ቀን አንድ በአንድ እየዞረ ጓደኞቹን ሐላል በሉኝ ሲል በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። አውቄ ነው ያበላሸሁት።

እንዴት አበላሸኸው ብትሉኝ፣ በሙያ ኩራት ነው። ፍርድ ቤት «ሐላል» የሚል ቃል አይገባውም፣ የሕግ አማርኛ ላልብሰው አልኩ። በዚያ ሰሞን ስለ ንግድ ምልክት ማስተላለፍ እያነበብኩ ስለነበር ጭንቅላቴ በሱ ተሞልቷል። ሽማግሌው ስሙን ሲያነሱ የሰማሁት ይቅርታ ሳይሆን ንብረት ነው። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ሠራተኛዋ ከሥራ ውሉ ጋር የተያያዘ ማናቸውንም ጥያቄ የተወች ሲሆን፣ ጣፋጭ ቤቱ የሚታወቅበትን ቅጽል ስም በተመለከተም ያላትን መብት ሁሉ ለአሠሪው ለቅቃለች።» ቆንጆ ዓረፍተ ነገር ነው ብዬ ሁለቴ አየሁት። ሌላ ባለጉዳይ በር ላይ ስለነበር በሩጫ አነበብኩላቸው። እሷ የምታነበው የዓረብኛ ፊደል እንጂ የኛን ፊደል አይደለም። በቀኝ እጇ፣ መድረሳ እንዳስተማራት፣ ቀስ ብላ ስሟን ፈረመች። ሽማግሌውም ፈረሙ። ማኅተሜን ስመታበት ረክቼ ነበር።

ሽማግሌው ሐጅ አድርገው በሰላም ተመለሱ፤ በዓመቱ አረፉ። የሷም እናት መልካ ጀብዱ ላይ ተቀበሩ። ከዚያ ወዲያ ብቻዋን ምን ልታደርግ፣ ተመልሳ ከተማ ገባች። ቀፊራ ገበያ ውስጥ ጠባብ ቦታ ተከራየች። ድስቷን ጣደች፤ በላይዋ አንድ ሰሌዳ ሰቀለች፤ በሁለት ፊደል፣ በዓረብኛና በአማርኛ፣ ያንን ቅጽል ስም ብቻ። ሌላ ምን ትጽፍ? የሚያውቃት ሁሉ የሚያውቃት በሱ ነው።

መጋላ ያለውን ቤት የወረሰው የሽማግሌው ልጅ ነው። ብዙ ዘመን ጅቡቲ ሠርቶ የተመለሰ፣ ፈጣን፣ ንግድ የገባው ሰው። ሳቢያን ሰፈር ሁለተኛ ቤት ከፈተ። ካርቶን አሳተመ፣ ካርቶኑ ላይ ያንኑ ስም። ስሙን የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብም ወደ አዲስ አበባ ማመልከቻ ላከ። የተረፈው የመዞሪያው ነገር ነበር። አንድ ጎበዝ ጠባሽ ቀጥሮ ወደ ግራ አዙር ቢለው፣ ሰውየውም ግራ ገባው፣ ሊጡም ግራ ገባው፤ ዘይቱ ላይ እየተበታተነ አስቸገረ አሉ። እጅ አይመዘገብም። ስም ግን ይመዘገባል።

አንድ ጠዋት ቢሮዬ ገባች። ሳትቀመጥ ሁለት ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች። አንዱ ከልጁ የተላከ ማስጠንቀቂያ ነው፦ ሰሌዳሽን አውርጂ፣ ካላወረድሽ እከስሻለሁ። ሁለተኛው የኔ ማኅተም ያለበት ቅጂ።

«ወረቀት አለህ ስትል አልነበር?» አለች። «እንካ ወረቀት። አንብብልኝ። እንደዛን ቀን በሩጫ አይደለም።»

አነበብኩላት። መጨረሻው ላይ ስደርስ በእጇ አስቆመችኝ።

«ለቅቃለች ያልከው ምንድነው?»

«ያንተ ይሁን ብላለች ማለት ነው።»

«እኔ እንደዛ አልኩ?»

«አላልሽም።»

«ታዲያ ማን አለ?»

የጣሪያው ማራገቢያ ይዞራል። መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። «እኔ ነኝ ያልኩት» አልኳት።

«ስሜ ነው እኮ» አለች፤ ድምጿን ሳታነሳ። «ድሮ ሲሰድቡኝበት የነበረው ስም ነው። እየተሰደብኩ ሠርቼ እንጀራ አደረግኩት። አሁን ሰው መንገድ ላይ በሱ ሲጠራኝ አቤት ልበል ወይስ ልጁን ላስፈቅድ?»

አፈርኩ። በሥራዬ የተሸነፍኩባቸው ብዙ ጉዳዮች አሉ፤ እንቅልፍ የነሱኝም አሉ። እንዲህ ያፈርኩበት ግን የለም። እናቴ ከሞቱበት ቀን ወዲህ ሰው ፊት ዓይኔ ሲሞላ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ከሄደች በኋላ እንደ ባዳ ሰው ሆኜ የራሴን ጽሑፍ መረመርኩ። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ይደርስላታል? ሕጉ ሠራተኛ በስምምነት ሲለያይ በሕግ የተሰጠውን መብት ትቻለሁ ቢል አይቀበለውም፤ ደካማውን ወገን ከራሱ ፊርማ ይጠብቀዋል። ጥሩ ሕግ ነው፣ በሬዲዮ ሳወድሰው ኖሬያለሁ። ነገር ግን እሱ የሚጠብቀው ዕረፍትን፣ ካሳን፣ ማስጠንቀቂያን ነው፤ ቅጽል ስም እዚያ ውስጥ የለም። የውል ሕጉስ? የውል ሕጉ፣ የውሉ ቃል ግልጽ ከሆነ ዳኛው ከቃሉ ወጥቶ የተዋዋዮቹን ሐሳብ በትርጉም አይፈልግም ይላል። አሻሚ ብጽፍ ኖሮ መተርጎም ይቻል ነበር። እኔ ግን ጎበዝ ነኝ፣ ግልጽ አድርጌ ጻፍኩት። ቀዳዳ ሁሉ በኔው እጅ ተደፍኗል። አንድ መንገድ ብቻ ቀርቷል፤ የፈረመችው ያላለችውን ነው፣ በስሕተት ነው ብሎ ማስረዳት። ለዚህ ምስክር ያስፈልጋል። በዚያ ክፍል ውስጥ ሦስት ሰው ነበርን። አንዱ ሞተዋል፣ አንዷ ባለጉዳይ ናት።

በአንድ ጉዳይ ላይ ጠበቃም ምስክርም መሆን አይቻልም፤ ስለዚህ ጉዳዩን ለአንዲት ወጣት የሥራ ባልደረባዬ ሰጠሁ። ምስክርነቴን በጽሑፍ እንደምሰጣት ስነግራት አፍጥጣ አየችኝ።

«ጋሼ፣ አስበህበታል? ጠበቃው ራሱ ውሉ ስሕተት ነው ብሎ ከፈረመ፣ ነገ አንተ የጻፍከውን ውል ይዞ የማይመጣብህ ማነው?»

ልክ ናት። ሦስት ቀን ወረቀቱን ሳልፈርም ቀረሁ፤ ይህን አልደብቅም። በሦስቱም ቀን ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ቆንጆ ነበር። መጀመሪያ ልጁን ላነጋግረው፣ በእርቅ ካለቀ ምን ያስፈልጋል አልኩ። እውነቱ ግን ፈርቼ ነው።

ልጁን መጋላ ሱቁ ውስጥ አገኘሁት። ሻይ አስቀረበልኝ፤ አባቱ ያከብሩኝ ስለነበር እሱም ያከብረኛል።

«ጋሼ፣ በሬዲዮ ወረቀት ወረቀት የምትለው አንተ ነህ» አለኝ። «እኔ ወረቀት አለኝ። ማኅተሙም ያንተ ነው። እና ምን ልታረገኝ መጣህ?»

«ወረቀቱ ስሕተት ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

«የተሳሳትከው አንተ፣ ካርቶን የምጥለው እኔ?»

ያን ቀን የተባለውን አንድ በአንድ ነገርኩት። ሐጅ ልሄድ ነው ማለታቸውን፣ የስሙንም ሐላል በይኝ ማለታቸውን፣ እሷ መሳቋን። እሱ በጊዜው ጅቡቲ ስለነበር አልሰማም። ከዚያ፣ «አባዬ አለቀሰ?» አለኝ።

«በሻሉ ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። አባትህ ይቅር በይኝ ያለው በዚህ ስም ስለጠራት ነው። ስሙን ስጪኝ አላለም። አንተ ግን እሱ ይቅርታ የጠየቀበትን ነገር ካርቶን ላይ አትመህ ትሸጣለህ።»

ይህን ባልልም ይሻል ነበር። ፊቱ ተለወጠ። «አባቴን ከመቃብር አውጥተህ አታስፈራራኝ!» ብሎ ተነሳና ወደ ደንበኛ ሄደ። ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። ከእርቁ ያተረፍኩት ነገር ባይኖርም የምደበቅበት ምክንያት አለቀብኝ። ከሰዓት በኋላ ምስክርነቴን ጻፍኩ። የሕግ አማርኛ አላለበስኩትም። «ሐላል በይኝ አሉ፤ ሐላል ብያለሁ አለች፤ ከዚህ ሌላ የተባለ ነገር የለም፤ ቀሪውን የጨመርኩት እኔ ነኝ» ብዬ ፈረምኩ። ባልደረባዬ በምዝገባው ላይ ተቃውሞ የሚቀርብበት ጊዜ ሳያልፍ አስገባችው።

በዚያው ሳምንት በሬዲዮ ስለ ውል አጻጻፍ ተናገርኩ። ስም ሳልጠራ፣ አንድ ጠበቃ ሰው ያላለውን ጽፎ እንዳስፈረመና ያ ጠበቃ እኔ እንደሆንኩ ተናዘዝኩ። ሰው ሲናገር በቃሉ ጻፉት፤ ካልገባችሁ ጠይቁ፤ ከፈረመው ሰው ቋንቋ ውጭ ያለ ቃል ከማስገባታችሁ በፊት አስረዱት አልኩ። በማግስቱ ደላሎቹ «ወረቀት አለህ?» አላሉኝም። ዝምታቸው ከቀልዱ ይበልጥ ቆረቆረኝ።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን ባልደረባዬ ደውላ፣ ልጁ ማመልከቻውን በገዛ ፈቃዱ እንደሳበ ነገረችኝ። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገረም። መዝገቡን አይቶ አልችልም ብሎ ይሆናል፤ አባቱን አስቦ ይሆናል፤ እኔ አላውቅም። የማውቀው ቀፊራ ድረስ በእግሩ መሄዱን ነው፤ እሷ ናት የነገረችኝ። ከድስቷ ፊት ቆሞ፣ «አባቴ የጠየቀሽን እኔም ልጠይቅሽ» አላት። ሐላል አለችው። ከዚያ ሙሸበክ ገዝቶ፣ ስሙ በታተመበት በራሱ ካርቶን አስሞልቶ ሄደ። አሁን ምልክቱ በሷ ስም እንዲመዘገብ ባልደረባዬ አመልክታለች።

እኔ ግን ወደ ቀፊራ ለመሄድ ቆየሁ። ምስክርነት መስጠት ይቀላል፤ ማኅተም አለው፣ ቁጥር አለው። ቅዳሜ ሲሆን ሄድኩ። እንደ ድሮው ለመግዛት የመጣሁ መስዬ ተራ ያዝኩ። ተራዬ ሲደርስ ግን ሌላ ነገር ከአፌ ወጣ።

«እኔንም ሐላል በይኝ» አልኳት።

ቀና አላለችም። ጣሳውን በግራ እጇ ይዛ ሊጡን እያዞረች ነበር፤ ወደ ግራ፣ ወደ ግራ፣ ክቡ እስኪዘጋ። ጨርሳ ጣሳውን አስቀመጠችና እጇን በጨርቅ ጠረገች።

«ሐላል ብያለሁ» አለች። «ወረቀት ግን አልሰጥህም።»